ሰፈር ያቆየው ሠርግ

«አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ» አሉ መምህር ድንበሩ።

ሐረገወይን ግራ ገባት። እሷ የጠየቀችው ስለ ፎቶ አንሺ አልነበረም። አዳማ ላይ የሕክምና ላቦራቶሪ አላት። ሥራው እየሰፋ ሄዶ በሌሎች ከተሞችም ቅርንጫፎች ከፍታለች። አሁን ግን የሕመምተኞቿን የምርመራ ውጤት ሁሉ የሚያስቀምጠው ማሽን ሊሞላ ደርሶባታል። አንዱ ሻጭ «ዕድሜ ልክዎን የሚበቃዎትን አንድ ትልቅ ማሽን ይግዙ» ይላታል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ «ለምን እንገዛለን? የድሮውን ውጤት አጥፍተን ቦታ እናግኝ። ማን መጥቶ ይጠይቀናል?» ይላታል። ምክሩ ሲበዛባት የቀድሞ አስተማሪዋን ልትጠይቅ መጣች። መምህር ድንበሩ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ሁሉ የሥራ ነገር ሲከብዳቸው ወደ እሳቸው በረንዳ ይመጣሉ።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። «መምህር፣ ምን ያህል ትልቅ ማከማቻ ልግዛ?»

ቁጥር ይነግሩኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉና እንዲህ ሲሉ ተረኩላት።

ይህ ሰው በአንድ የንግድ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ሲጀምር የነበረው አንድ ካሜራና አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። በአዘቦት ቀን ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይቀርጻል። ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናቷ የት ቆማ እንደምታለቅስ አስቀድሞ ያውቃል። አባትየው እንባውን ለመደበቅ ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ የላላ ገመድ የሚያጠብቅ እንደሚመስልም ያውቃል፤ ካሜራውን ይዞ እዚያ ይደርሳል። ሰዉ ቪዲዮውን ሲያይ በሠርጉ ቀን ያላየውን ያያል። ስለዚህ ተወደደ። ያገባ ሁሉ ለሚያገባው ይነግርለታል።

ሥራው አደገ። በሠርጉ ላይ ምርቃት ተጨመረ፤ ክርስትናው፣ ሙት ዓመቱ፣ የድርጅቶች ስብሰባ መጣ። ሰው ቀጠረ፤ ካሜራ ጨመረ፤ በሌላ ሰፈር ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ። ካሜራዎቹም በየጊዜው እየተሻሻሉ ሄዱ። ምስሉ በጠራ ቁጥር የሚፈልገው ቦታ ይጨምራል። ድሮ የአንድ ዓመት ሠርግ ይይዝ የነበረ ሃርድ ዲስክ አሁን የአንድ ወር አልበቃ አለው።

እሱም የተቀረጸውን ሁሉ በትንንሽ ሃርድ ዲስኮች እየገለበጠ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደረድር ነበር። ዲስኮቹ ሲበዙ የአንዱ ሠርግ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆነ። አንድ ደንበኛ መጥቶ «የእህቴን መልስ ፈልግልኝ» ያለው እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አንዱን ሲሰካ አንዱን ሲነቅል ይውላል።

በዚህ መሃል አንድ የማሽን ነጋዴ መጣ። «ይህንን ከገዙ ሌላ አይፈልጉም» አለው። «የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያገባ እንኳ አይሞላም።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። ገዛውም። ማሽኑ ጥቁር የሚያምር ሣጥን ነበር፤ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው ብሎ በሱቁ መሃል መስታወት ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ያለውን ሠርግ ሁሉ ወደ እሱ ገለበጠ። ትንንሾቹን ዲስኮች ባዶ አድርጎ ለቀረጻ ሠራተኞቹ አከፋፈላቸው።

ሚስቱ «የድሮዎቹን ለምን እንዳሉ አታቆያቸውም?» አለችው።

«የራሴን ቤት ከሠራሁ በኋላ ኪራይ ቤት ምን ያደርግልኛል?» አላት።

እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ጥሩ ነበር። «የእህቴን መልስ» የሚለው ደንበኛ ሲመጣ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ይወጣለታል። ሰውየው በማሽኑ ደስ ብሎት ረዘም ላለ ጊዜ ሠራ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ሲመጣ ግን በኃይል መጣ። አምፖሎቹ አንድ ጊዜ ደምቀው ድርግም አሉ፤ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ መላጫውን ጥሎ ወደ ውጭ ሮጠ። በፎቶ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰማና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አረንጓዴው መብራት አልተመለሰም።

ፎቶ አንሺው አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ጠራ። ወጣት ናት፤ በሥራዋ የታወቀች። ማሽኑን ፈታችው፤ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እያወጣች ሞከረች፤ ወደ ሌላ ከተማ ወስዳ ለሌሎች ባለሙያዎችም አሳየች። ስትመለስ ፊቷን አይቶ ገባው።

«ጋሼ፣ ሣጥኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀየር ነበር» አለችው። «ዲስኮቹም አብረው ሄደዋል።»

«ከውስጡ ምን ያህሉን ታወጪልኛለሽ?»

«ምንም። ሌላ ቦታ ያስቀመጡት የለዎትም?»

ደንበኞቹ ጉርድ ፎቶ የሚነሡበት በርጩማ አጠገቡ ነበር። እዚያ ላይ ቁጭ አለ።

«ሁሉም ጠፋ?» አለች ሐረገወይን። መምህር ድንበሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ቀጠሉ።

ሁሉም ጠፋ። ከመጀመሪያዋ ጠባብ ክፍል ጀምሮ ያነሣው የሰው ደስታ ሁሉ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን የማሽኑ መቃጠል ያንገበግበው ነበር። እሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ የሠርጋቸውን ቅጂ ወስደው ሲሄዱ «አንተ ጋ እንዳለ ይኑር፤ አደራ» ብለውታል። እሱም እሺ ብሏቸዋል።

በሙያው የሚቀድመው አንድ ጓደኛ ነበረው። ሄዶ አማከረው። ጓደኛው «ለማንም እንዳትናገር» አለው። «ሰው ካገባ በኋላ ሠርጉን መች ዞሮ ያየዋል? የሚጠይቅህ ከመጣ ‹ከአንድ ዓመት በላይ አናስቀምጥም፤ ደንባችን ነው› በለው። ማን ይከስሃል?»

ምክሩ ክፉ ሰው የሚመክረው አልነበረም፤ የፈራ ሰው የሚመክረው ነው። ፎቶ አንሺውም ፈርቶ ነበርና ተቀበለው። በማግሥቱ «ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ቪዲዮ አናስቀምጥም» ብሎ በትልቁ ጽፎ በመስታወቱ ላይ ለጠፈ። የሚናገረውንም ለብቻው ሆኖ ተለማመደው።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጥቁር ለብሳለች። የሦስቱንም ሴቶች ልጆቿን ሠርግ የቀረጸላት እሱ ነው። ማስታወቂያውን አይታ እንኳ አላነበበችውም።

«የመጨረሻዋ ልጄ ሠርግ ላይ አባቷ ሲመርቃት የነበረውን ልሰማው ፈልጌ ነው» አለችው። «ፎቶማ ሞልቶኛል። ድምፁ ነው የጠፋብኝ። ሌሊት ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ አልመጣልኝ አለ። እስኪ እሱን ብቻ ቆርጠህ ስልኬ ላይ ጫንልኝ።»

ፎቶ አንሺው የተለማመደውን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«እትዬ፣ ጠፍቷል» አላት። «ማሽኑ ተቃጠለ። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌው ነበር። የእርስዎም፣ የሌላውም፣ ሁሉም ጠፍቷል።»

ሴትየዋ ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ግን አልጮኸችም። «አደራ ብዬህ ነበር እኮ» ብላው ብቻ ወጣች።

ሰውየው ተነሥቶ ማስታወቂያውን ከመስታወቱ ላይ ላጠው። ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ለእሷ ከነገርካት ለሁሉም ንገራቸው» አለችው። «አንድ አንድ እያሉ በወሬ ከሚሰሙት፣ ባንድ ላይ ካንተው አፍ ይስሙት።»

በዚያው ሳምንት እሑድ የሰፈሩ እድር ስብሰባ ነበረው። ፎቶ አንሺው አባል ስለሆነ ሄዶ ተቀመጠ። አጀንዳው ሲያልቅ እጁን አወጣ። የእድሩ ዳኛ አንድ ቀላል ነገር ሊናገር መስሏቸው ፈቀዱለት፤ አዳራሹ ግማሹ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር።

«ሠርጋችሁን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለ። «ክርስትናችሁንም፣ የልጆቻችሁን ምርቃትም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አስቀምጥልን ብላችሁኛል፤ እሺ ብዬ ነበር። ሁሉንም አንድ ማሽን ላይ አስቀመጥኩት፤ መብራት በኃይል መጥቶ አቃጠለው። አሁን በእጄ ምንም የለም። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው።»

የተነሣው ሰው መልሶ ተቀመጠ። ጉርምርምታ ሆነ። አንድ ሰው ከመሃል «ጥፋቱ ያንተ ነው ወይስ የመብራት?» ብሎ ጠየቀው።

«መብራቱ የእኔ አይደለም» አለ። «አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጤ ግን የእኔ ነው።»

እሱም የሚለውን ጨርሶ ነበርና ቁጭ ሊል ሲል ከኋላ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ሰማ። ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡ እናት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ስድር የሰጠኸኝ ሲዲ እኮ ቴሌቪዥኑ ሥር አለ። ላምጣልህ እንዴ?»

እንግዲህ ልብ በይ፤ ሰውየው ይህን አላሰበውም ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅ እንጂ ምንም ሊለምን አልመጣም። ገና መልስ ሳይሰጣቸው ሌላዋ «የእኛም አለ፤ ፍላሽ ላይ ነው» አለች። አንዱ «ወንድሜ ጋ ይኖራል፤ ሚዜዬ እሱ ነበር» አለ። ሌላው «የእኔን ሚስቴ ልብስ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች» ሲል አዳራሹ ሳቀ። የእድሩ ዳኛ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና «በሉ፣ እቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ነገ ወደ ፎቶ ቤቱ ይውሰድለት። የእሱ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው» አሉ።

ፎቶ አንሺው መቆምም መቀመጥም አቃተው። ሰው ሁሉ ሲወጣ ትከሻውን እየነካው ያልፋል።

በማግሥቱ ሱቁን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ሰው ቆሟል። ሲዲ በፌስታል ጠቅልለው የመጡ አሉ። ፍላሻቸውን ከቤት ቁልፍ ጋር ያንጠለጠሉ አሉ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ያመጣ አለ። በሌላ ከተማ ያለ ዘመድ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ልኮ የደረሰለትም አለ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ የማን እንደሆነ እየጠየቀች ትቀበላለች፤ ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ትገለብጣለች።

አንድ ጎልማሳ ሰው ሲዲውን በሁለት ጣቱ ይዞ መጣ። «ተፋተናል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አንድ ቀንም አይቼው አላውቅም። መጣሉም አቃተኝ፤ እናቴ አለችበት፣ ስትጨፍር።» ሰጥቷቸው ሄደ። ትንሽ ራቅ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣና «ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ እሺ?» አለ።

ሲዲዎቹ ብዙዎቹ ተፋፍቀው ነበር። አንድ ሠርግ የሙሽራዋ እናት ካመጡት ሲዲ ላይ ሙሽሮቹ ድንኳን እስኪገቡ ድረስ ይታያል፤ ከዚያ ይቆማል። ባለሙያዋ ከሙሽራው ቤት የመጣውን ስትሞክር ያኛው ደግሞ መጀመሪያው ተፍቆ መጨረሻው ደህና ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን አጋጥማ ሙሉ አደረገችው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ማንም አንድ ቤት ሁሉንም ሳይዝ፣ ከብዙ ቤት ተሰባስቦ ብዙው ሥራው ተመለሰለት። ሰውየው ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ወጣት ሳለ የቀረጻቸውን ሠርጎች እያየ አንዳንዴ ይስቃል፤ አንዳንዴ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል።

ሁሉም አልተመለሰም፤ ይህንንም አልደብቅሽም። የዚያች ባሏ የሞተባት ሴት የመጨረሻ ልጅ ቤት ስትቀይር ሲዲዋ ጠፍቶባት ነበር። ፎቶ አንሺው ራሱ ዞሮ ሚዜዎቹን ጠየቀ፤ ዘመዶቹን ጠየቀ። በመጨረሻ አንድ እንግዳ በስልኩ የቀረጻትን አጭር ቪዲዮ አገኘና ይዞላት ሄደ። የሴትየዋ ባል ቆሞ ሲመርቅ ይታያል። ድምፁን ግን የሙዚቃው ጩኸት ውጦታል፤ ከንፈሩ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሴትየዋ ደጋግማ አየችው። «አይሰማም» አለችና ስልኩን መለሰችለት። ከዚያም «ደክመህበታል። ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ግን በሱቅህ ደጅ ሳልፍ ፊቴን ባዞር አትቀየመኝ።»

«አልቀየምም እትዬ» አላት። እሷም ከዚያ በኋላ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እሱም ባታየውም ከተቀመጠበት ብድግ ይልላት ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን እየሰበሰበች «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለችው።

«ንገሪኝ።»

«ያንን ጥቁር ሣጥን ሲገዙ የጠየቁት ምን ያህል ይይዛል ብለው ነው። ይህ ሰፈር እኮ አንድም ትልቅ ነገር የለውም። አንዱ ቤት ሲዲ፣ አንዱ ቤት ፍላሽ ነው ያለው። ነገር ግን አንዱ ቤት የጠፋው ሌላው ቤት ተገኘ። አዲስ ሰው ሲያገባ ደግሞ አንድ ቤት ይጨመራል እንጂ የድሮው ቤት አይፈርስም። እኔም የምሠራልዎት እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ እኔ በማሽን መሥራቴ ነው።»

ሠራችለትም። መካከለኛ መካከለኛ ማሽኖች አስገዛችው፤ አንዱን በዚህኛው ሱቅ፣ ሌላውን በዚያኛው ሱቅ አስቀመጠች። ማሽኖቹን እርስ በርሳቸው አገናኘቻቸው። ሠራተኛው ሲከፍተው አንድ ቁም ሣጥን ነው የሚመስለው፤ ከኋላ ግን እያንዳንዱ ሠርግ ሁለቱም ማሽን ላይ ይቀመጣል። ሌላ አንድ ቅጂ ደግሞ ራቅ ባለ ከተማ ካለ የመረጃ ማዕከል ቦታ ተከራይቶ አኖረ። እያንዳንዱም ከመብራቱ ጠባይ የሚጠብቀው መሣሪያ ተደረገለት። ሲሞላ አጠገቡ ሌላ ማሽን ይጨመራል፤ ሱቁም አይዘጋም፣ ያለውም አይነካም። ሰውየው በአንድ ጊዜ አልገዛውም። ባለው አቅም ጀመረ፤ ሥራው ሲሰፋ ጨመረ፤ እንደገና ሲሰፋ እንደገና ጨመረ።

ወሬው ወደ ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ደረሰ። እነሱም ቁም ሣጥናቸው በዲስክ ሞልቶ ይቸገሩ ነበርና «የእኛንም አስቀምጥልን» እያሉ ይመጡ ጀመር። ያ ‹ለማንም እንዳትናገር› ያለው ጓደኛውም ዲስኮቹን በካርቶን ይዞ መጣ። ፎቶ አንሺው ያለፈውን አላነሣበትም። ካርቶኑን ከእጁ ተቀበለና «በላይኛው እንጀምር ወይስ በታችኛው?» አለው። ዛሬ የዚያ ሰው ዋና ሥራ ለብዙ ድርጅቶች መረጃ ማስቀመጥ ሆኗል፤ በብዙ ከተማ ማሽን አለው።

አንድ ልማድ ግን አልተወም። ለማንኛውም ሙሽራ ቪዲዮውን ሲያስረክብ ሁለት ቅጂ ይሰጣል። «አንዱ የናንተ ነው፤ አንዱን ለእኔ አስቀምጡልኝ፤ አደራ» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ ያስቀምጡለታልም። በየዓመቱም የሠርግ ወቅት ሲያልፍ አንድ ቀን ለይቶ የሰፈሩን ሰው ምሳ ይጋብዛል። ያረጀ ሲዲ፣ የሚሞት ስልክ ያለው ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ በነፃ ያድስላቸዋል። እሱ በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

አንድ ጊዜ የእድሩ ዳኛ «እኛ እኮ ነን ማመስገን የሚገባን። የምታበላን አንተ፣ የምታድስልን አንተ» አሉት።

«እኔ ያስቀመጥኩላችሁን አጠፋሁ» አላቸው። «እናንተ ሳታውቁት ያስቀመጣችሁልኝን መለሳችሁልኝ። አሁን ማን ማንን ያመስግን ጋሼ?»

መምህር ድንበሩ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ።

«ገባኝ» አለች ሐረገወይን። «ግን መምህር፣ ፎቶ አንሺው ሰፈር ነበረው። የእኔ ሕመምተኞች ውጤታቸውን በወረቀት ይዘው ይሄዳሉ፤ ሐኪሙን ካሳዩት በኋላ የት እንደሚጥሉት አላውቅም። የእኔ ማሽን ቢቃጠል ‹ላምጣልሽ እንዴ› የሚለኝ ማን አለ?»

መምህሩ ወደ እሷ ዞር ብለው አይኗን አዩ።

«ማንም የለም ልጄ። ስለዚህ ነው ያንቺ ከእሱ የሚብሰው። ፎቶ አንሺው የጠፋውን የሚያስታውስለት ሰው ነበረው። ያንቺ ሕመምተኛ ግን ስኳሩ ወይም ኩላሊቱ ከጥቂት ዓመት በፊት በምን ደረጃ ላይ እንደነበረ ራሱ አያስታውሰውም። ሐኪሙ ‹ይህ አዲስ ነው ወይስ የቆየ?› ብሎ ሲጠይቀው የሚመልስለት ያንቺ ማሽን ነው። ስለዚህ ያንን ሰፈር አንቺው ቀድመሽ ሥሪው። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍሽ አንድ ቤት ይኑርሽ፤ አንዱ ያለውን ሌላውም ይያዘው፤ አንዱ ደግሞ ከሁሉም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሌላ ቅርንጫፍ ስትከፍቺ ሌላ ቤት ጨምሪበት። ዛሬ የምትችይውን ያህል ግዢ። ዕድሜ ልክሽን የሚበቃሽን ዛሬ ላይ ሆኖ የሚያውቅልሽ ሻጭ የለም፤ አንቺም አታውቂውም፤ እኔም አላውቅልሽም።»

«የድሮውን እናጥፋ የሚለኝንስ?»

«ሕጉ ይጥፋ የሚለውን በሕጉ አጥፊው። የሚያስፈልገውን ግን ቦታ ጠበበ ብለሽ አትንኪው። ሒሳብ ሠራተኛሽን አልወቅሰውም፤ እሱ የሚያየው የሞላ ማሽን ነው። አንቺ ግን ሌላ እዪበት። ይህ ማሽን አንድ ቀን ባዶ ነበር። አንዲት ክፍል ተከራይተሽ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ይዘሽ ተቀምጠሽ፣ ማን ይመጣልኛል ብለሽ በሩን በሩን ታዪ የነበረ ጊዜ ነበር። ከዚያ አንዱ ገባ፤ ሌላዋ ገባች። የማያውቁሽ ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልሽ፤ መርፌሽን ታገሡ፤ የነገርሻቸውን አመኑ። ማሽኑ በእነሱ ነው የሞላው። ‹ሞላብኝ› ብለሽ ነው የመጣሽው፤ እኔ ግን ስሰማሽ ‹ሞላልኝ› ያልሽ ያህል ደስ አለኝ። ሂጂና ለሻጩ ደውዪ፤ ‹ምን ያህል ይይዛል› ከማለትሽ በፊት ‹ሲሞላ ምን እጨምርበታለሁ? ሲጠፋስ ከየት አገኘዋለሁ?› በዪው። ስልኩን ከማንሣትሽ በፊት ደግሞ ክንዳቸውን ስለዘረጉልሽ ሰዎች አመስግኚ።»